ለአባዬ በአማርኛ የነገርኳቸው የፋንታሲ መጻሕፍት

አባዬ ተረት ጀምሮ አቋርጦ አያውቅም። ልጆች ሆነን ድሬዳዋ ከዚራ ባለው ግቢያችን ማታ ማታ ይተርክልን ነበር። አንዳንዱ ተረት ሳምንት ይፈጃል። እንቅልፍ ሲጥለን ያቆማል፤ በማግስቱ ካቆመበት ይቀጥላል። አንዴ ወባ ይዞት ተኝቶ ሳለ አስጠርቶን፣ «ቀበሮዋን ጉድጓድ ውስጥ ትቻት እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?» ብሎ እየተንቀጠቀጠ ጨርሶልናል። «ተረት ዕዳ ነው፤ የጀመረ ይጨርስ» ይላል።

አሁን ተራው የኔ ነው። አባዬ በምድር ባቡር ወርክሾፕ 31 ዓመት ቶርኖ ላይ ሠርቶ ነው ጡረታ የወጣው። ከአምስት ዓመት በፊት ግላኮማ የዓይኑን ብርሃን ወሰደበት። ጋዜጣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ ማስታወቂያው የሚያነብ ሰው ነበር፤ ሬዲዮ ብቻ ቀረው። እኔ ሳቢያን ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ማታ ስመለስ፣ የድሬ ሙቀት በረድ ሲል፣ ወንበር አውጥተን ኒሙ ሥር እንቀመጣለን። አንድ ቀን፣ «አንቺ፣ ያ ሁልጊዜ የምትሸከሚው ወፍራም መጽሐፍ ስለምንድነው የሚያወራው?» አለኝ። እንዲህ ተጀመረ።

ስለዚህ እዚህ የምጽፍላችሁ የፋንታሲ መጻሕፍት፣ ማለትም አስማትና ምናባዊ ዓለም ያለባቸው ልብ ወለዶች፣ አብዛኞቹ በሁለት ፈተና ያለፉ ናቸው። አንዱ የራሴ ንባብ ነው፤ ሁሉንም ያነበብኩት በእንግሊዝኛ ነው። ሁለተኛው ፈተና ደግሞ ታሪኩ በአማርኛ ሲነገር ዕድሜውን ብረት ሲያስተካክል የኖረ ሰው ወንበሩን ወደ እኔ ያስጠጋል ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው ይከብዳል። ስመ ጥር የሆኑ መጻሕፍት እዚያ ላይ ሲወድቁ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ያከራከረን ቃል ነው። በእነዚህ መጻሕፍት አስማት የሚሠራውን ዊዛርድን ምን ልበለው? «ጠንቋይ» አልኩት። ፊቱን አጠቆረ። «ጠንቋይ ከሆነማ እኔ አልሰማም።» እውነቱን ነው። በኛ ቋንቋ ጠንቋይ ዶሮ አሳርዶ የሰው ገንዘብ የሚበላ ነው። «ጥበበኛ» በሚለው ተስማማን። ኤልፎቹን መላእክት ልላቸው አሰብኩ። «መልአክ ያገባል? መልአክ ጦር ሜዳ ይሞታል?» ብሎ ከለከለኝ። «የጫካ ሰዎች» ሆኑ። ኦርክ አላስቸገረንም። ልክ ሁኔታቸውን እንደገለጽኩለት «ጭራቅ ነዋ!» አለ፤ አለቀ።

ከሁሉም በፊት የማስነብባችሁ የኡርሱላ ለጊንን «ኧርዝሲ» ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው እስከ 1972 ተከተሉ። ከዚያ ደራሲዋ ብዙ ዓመት ቆይታ በ1990 ተመለሰችበት፤ በ2001 ሁለት ጨምራ ስድስት አደረገችው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ቀጭን ነው፤ ሁለት መቶ ገጽ አካባቢ። ዓለሙ በሙሉ ባሕርና ደሴት ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በአንድ የነሐስ አንጥረኛ ልጅ ነው። ፍየል ጠባቂ ነው፣ እናቱ ሞታበታለች። አክስቱ ፍየል ስትጠራ የሰማትን ግጥም ምንነቷን ሳያውቅ ይደግማታል። ፍየሎቹ መጡ። መጥተውም አልቆሙም፤ ከበው ተጠጉት፣ ተጣበቁበት። ልጁ ደንግጦ ወደ መንደር ሲሮጥ እነሱም እንደተጣበቁ አብረውት ሮጡ። አባዬ እዚህ ላይ ሳቀ። ፍየል የድሬን መንገድ እንዴት እንደምትይዝ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ልጁ ግን ፈርቷል። ኃይል እንዳለው ያወቀው በፍርሃት ነው። የመጽሐፉ ነገር በሙሉ እዚያች ገጽ ላይ አለ።

የዚህ ዓለም ጥበብ በስም ላይ የቆመ ነው። እያንዳንዱ ነገር እውነተኛ ስም አለው፤ ስሙን ያወቀ ነገሩን ያዝዘዋል። ስለዚህ ሰው እውነተኛ ስሙን ይደብቃል። በአደባባይ የሚጠራበት ሌላ ስም አለው። የዚህ ልጅ የአደባባይ ስም ትርጉሙ ጭልፊት ነው፤ እውነተኛ ስሙ ገድ ነው። እንግሊዝኛ አንባቢ ይህን እንደ ድንቅ ፈጠራ እያየ ያልፈዋል። አባዬ ግን ወንበሩን እየመታ፣ «የክርስትና ስም ነዋ!» አለ። «እናቴ የክርስትና ስምህን ለማንም እንዳትናገር፣ ድግምት ይሠሩበታል ትለኝ ነበር። ይቺ ሴትዮ ከየት አገኘችው?» ከየት እንዳገኘችው አልነገርኩትም፤ ለጊን የአሜሪካ ሴት ነበረች። እኔ ግን ከዚያን ቀን በኋላ መጽሐፉን በሌላ ዓይን ነው የማነበው። ገድ ቡናማ፣ መዳብ የመሰለ ቆዳ አለው። የልብ ጓደኛው ደግሞ ጥቁር ነው። መጽሐፉ በ1968 አሜሪካ ውስጥ መጻፉን ልብ በሉ።

ገድ ዘንዶ የሚገጥምበትም ጋ ደረስን። ቤታችን ውስጥ ከአልጋው በላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል አለ፤ አባዬ ዓይኑ ሳይጠፋ ስንት ዓመት ያየው ነው። «ገድ ጦር ይዟል?» አለኝ። አልያዘም። «ፈረስስ?» በትንሽ ጀልባ ነው የመጣው። «ታዲያ በምን ሊገጥመው ነው?» በስሙ። የዘንዶውን ስም ከድሮ ታሪኮች ገምቶ ነው የመጣው፤ ግምቱ ከሳተ ይሞታል። አባዬ ትንሽ ዝም አለና፣ «ይሄ ከጦሩ ይበልጣል» አለ።

ሁለተኛው መጽሐፍ ከሁሉ የምወደው ነው። አንዲት ሕፃን ከእናቷ ተወስዳ፣ ስሟን ተነጥቃ የጨለማ አማልክት ካህን ትደረጋለች። ከመቃብሮቹ ሥር ያለው ዋሻ ውስጥ መብራት ማብራት ክልክል ነው። ስለዚህ መንገዱን በእጇ እየዳሰሰች፣ መታጠፊያውን እየቆጠረች ትማረዋለች። ይህን ስነግረው አባዬ እጁን አነሳ፤ ቆይ ማለቱ ነው። «ከአልጋዬ እስከ በሩ አሥራ አራት እርምጃ ነው» አለኝ። «ከበሩ እስከ ኒሙ ሃያ ሁለት። መጀመሪያ ወር ላይ ግድግዳውን በግራ እጄ ነበር የምይዘው። አሁን አልይዝም። ልጅቷ ትለምደዋለች፤ ቀጥይ።» አምስት ዓመት ሙሉ ይህን ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ለዚህች ደራሲ ያለብኝን ምስጋና በከዋክብት ቁጥር መስጠት አልችልም።

የጄ.አር.አር. ቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ ቢያንስ ፊልሙን አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1954 እና 1955 በሦስት ቅጽ ወጣ። ደራሲው ግን እንደ አንድ መጽሐፍ ነው የጻፈው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወረቀት ውድ ስለነበረ ነው የተከፋፈለው። ቶልኪን የተወለደው ደቡብ አፍሪካ ብሉምፎንቴይን ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1916፣ ፈረንሳይ ውስጥ በሶም ጦር ሜዳ ተዋግቷል፣ የልብ ጓደኞቹን በዚያ ጦርነት አጥቷል። ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ረግረጉ ውስጥ ሬሳዎቹ ከውሃው ሥር ሆነው ሲያዩአቸው የሚለውን ምዕራፍ ስታነቡ ሰውዬው ከየት እንዳመጣው ይገባችኋል።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አጀማመሩ ይጎትታል። የመጀመሪያዎቹን መቶ ገጾች የልደት ድግስና የእግር መንገድ ይበሏቸዋል። ዘፈኑ ብዙ ነው። ሁሉም ተሰብስበው የሚመክሩበት ምዕራፍ አለ፤ እኔ በሁለት ደቂቃ ጨርሼ ለአባዬ አሳጥሬዋለሁ። እናንተም ከከበዳችሁ ዝለሉት፣ ማንም አይቀጣችሁም። ከዚያ በኋላ ግን የሚስተካከለው የለም።

ለአባዬ ይህ መጽሐፍ የገባው በቁልቢ በኩል ነው። ወጣት ሳለ ለታኅሣሥ 19 ገብርኤል ከድሬ ቁልቢ በእግሩ ተጉዟል፤ ዳገቱን ያውቀዋል። በጀርባቸው ድንጋይ አዝለው የሚወጡ ሰዎችንም ያውቃል። «እዚህ ግን ፍሮዶ የሚባለው ሰው ክፉ ቀለበት ተሸክሞ ሄዶ እሳት ውስጥ መጣል ነው» አልኩት። «እነሱም ደርሰው ይጥሉት የለ?» አለኝ። ቀለበቱ ትንሽ ሆኖ እንዴት እንደሚከብድ ከዚያ ወዲያ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

የአባዬ ሰው ሳም ነው። የፍሮዶ አትክልተኛ፣ አገልጋዩና ጓደኛው። ሳም ከቤቱ ጀምሮ መጥበሻና ድስት ተሸክሟል። ትንሽ የጨው ዕቃም አለው፤ ዱር ውስጥ ሆኖ ጥንቸል ይቀቅላል። አባዬም ለሥራ መስመር ላይ ሲወጣ የራሱን ጀበና ይዞ ነበር የሚሄደው፤ ስንቅ ያልያዘ ሰው አይወድም። መጨረሻው ሲቃረብ ሳም ሸክም ለመቀነስ ድስቶቹን ገደል ይጥላቸዋል። እየወደቁ ሲንቋቁ ድምፃቸው ልቡን ይሰብረዋል። ይህን ለማንበብ ነው እንግዲህ ሺህ ገጽ የምትሄዱት። ጦርነቱን ሌላም ደራሲ ይጽፈዋል። ድስቱ ሲወድቅ ያለውን ድምፅ ግን ቶልኪን ብቻ ነው የጻፈው። አባዬ፣ «እንግዲህ አይመለሱም ማለት ነው፤ ድስቱን ጣለ» አለ። ድምፁ ተሰበረ።

ይመለሳሉ። ይህን ብናገር ቅር እንደማትሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ሲመለሱ ግን አገራቸው እንደተዉት አልጠበቃቸውም፤ ዛፎቹ ሳይቀሩ ተቆርጠዋል። ፊልሙ ይህን ትቶታል፤ ለኔ ትልቅ ጥፋት ነው። «ዛፎቹን መልሶ ተከላቸው?» ብሎ ጠየቀኝ አባዬ፤ ሳምን ማለቱ ነው። አዎ፣ ተከላቸው።

ከዚህ ቀጥሎ የብራንደን ሳንደርሰን «ሚስትቦርን» ነው። ሦስቱ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2008 ወጥተው አልቀዋል። ከሰማይ አመድ የሚዘንብበት አገር ነው። አንድ ንጉሠ ነገሥት ሺህ ዓመት ገዝቷል፤ የሌባ ቡድን ሊገለብጠው ይነሳል። ጥበቡ ብረት ነው። የብረት ፍቅፋቂ በፈሳሽ ይውጣሉ፣ ሆዳቸው ውስጥ «ያነድዱታል»። ቆርቆሮ የዋጠ ዓይንና ጆሮው ይሰላል። የቆርቆሮ ቅይጥ የዋጠ ጉልበቱ ይጨምራል። ብረት የዋጠ ሌላውን ብረት ወደ ራሱ ይስባል፤ ስቲል የዋጠ ይገፋል።

አቦ! የአባዬን ፊት ብታዩት። 31 ዓመት ከብረት ጋር ኖሮ እንዲህ ያለ ተረት ሰምቶ አያውቅም። ቪን የምትባለው ልጅ ሳንቲም ወደ መሬት ጥላ፣ ሳንቲሙን ገፍታ ወደ ሰማይ ትነሳለች። አባዬ አቋረጠኝ። «ቆይ። ሳንቲሙ መሬት ሳይነካ አይሆንም። መደገፊያ ያስፈልጋታል። አለዚያ ሳንቲሙ ነው እንጂ የሚሄደው እሷ አትነሳም።» ልክ ነው፤ መጽሐፉ ራሱ እንዲህ ነው የሚለው። ከባዱ ይቆማል፣ ቀላሉ ይሄዳል። እኔ ገና ሳልነግረው ሕጉን ራሱ ደረሰበት። ጥሩ የተሠራ የፋንታሲ ሕግ እንዲህ ነው። ሰሚው ቀድሞ የሚደርስበት ነው። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ የሚጠብቀኝ በር ላይ ቆሞ ሆነ። የጎረቤታችን ልጅም፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ በአጥር ላይ ሆኖ መስማት ጀመረ። በኋላ ሻሂ አስይዘን አስገባነው።

ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። የሳንደርሰን ቋንቋ ተራ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ያንኑ ሐሳብ ደጋግመው ያስባሉ። ሁለተኛው መጽሐፍ ከተማ ተከቦ መጠበቅ ነው፤ ይረዝማል። ለመናገር ግን ይመቻል፤ ደጋግሞ ስለሚያስታውስ ሰሚ አይጠፋበትም። ለእንግሊዝኛ ጀማሪም የሚሻለው እሱ ነው። ዐረፍተ ነገሩ ቀጥ ያለ ነው።

እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ሦስተኛውን መጽሐፍ ከአዲስ አበባ ያገለገለ ገዝቼ አስመጣሁ፤ የሸጠልኝን አልጠራም። ማታ ማታ እየነገርኩ፣ እየነገርኩ፣ መጨረሻው ጋ ስደርስ የመጨረሻዎቹ ገጾች የሉም። ተቀደዋል፤ የቀረው ጥርሳቸው ብቻ ነው። ሻጩ ጋ ደወልኩ። «ሲሸጥ ደህና ነበር» አለኝ። አባዬ ያን ማታ እራቱን በደንብ አልበላም። «ዓለሙ እየጠፋ ነው ብለሽኝ ትተዪኛለሽ?» አለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌላ ቅጂ ጠበቅን። ሲመጣ ሌሊት አምስት ሰዓት ድረስ ተቀምጠን ጨረስነው። መብራት ጠፍቶ ስለነበር በስልኬ ብርሃን ነው ያነበብኩት። ያገለገለ መጽሐፍ ስትገዙ የመጨረሻውን ገጽ ግለጡ። ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት እሱን እዩ።

የሮቢን ሆብ «ፋርሲር» ለሁሉም ሰው አይደለም። ሦስት መጻሕፍት ናቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1997። ከዚያ ያው ዓለም እየሰፋ ሄዶ በ2017 በአሥራ ስድስተኛው መጽሐፍ ተዘግቷል። ፊትዝ የሚባል ዲቃላ የልዑል ልጅ ነው፤ በቤተ መንግሥት በረት ውስጥ ያድጋል፣ ነፍሰ ገዳይነት ይማራል። ከእንስሳ ጋር በልቡ መነጋገር ይችላል፤ በዚያ አገር ይህ ነውር ነው። ከቡችላ ጋር ይተሳሰራል። የሚያሳድገው የበረቱ ኃላፊ ይህን ሲያውቅ ቡችላውን ይወስድበታል። ልጁ ወደ ቡችላው በልቡ ሲዘረጋ ማንም አይመልስለትም።

አባዬ ሁለት ቀን አልፈለገም። «ቆይ፣ እረፊ» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ራሱ አነሳው። «ሰውዬው ክፉ አይደለም። ፈርቶ ነው» አለኝ። አባዬ ልጅነቱን ሐረር፣ ጁገል ግንብ አጠገብ ነው ያሳለፈው። ግንቡ ላይ ጅብ እንዲገባበት ወራባ ኑዱል የሚሉት ቀዳዳ አለ። ማታ ሰውዬው ከግንቡ ውጭ ቁጭ ብሎ ጅቦቹን በየስማቸው ሲጠራ፣ ሥጋውን በእንጨት አድርጎ ሲያጎርሳቸው እያየ ነው ያደገው። ለዓሹራም ገንፎ ይቀርብላቸዋል። «ከአውሬ ጋር መነጋገር እኛ ጋ ነውር አይደለም» አለኝ። ስለዚህ ፊትዝ በኋላ የሚተሳሰረውን ተኩላ ከማንም በላይ ወደደው። የሆብ አጻጻፍ ከሁሉም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ሰው እንዴት እንደሚጎዳ፣ እንዴት ሳያውቀው እንደሚጎዳ እንደሷ የሚጽፍ የለም። ግን ሐዘን ላይ ላለ ሰው አልሰጠውም። የሦስተኛው መጽሐፍ ጉዞም ረዝሟል።

አሁን ረጅሙ ጋ ደረስን። የሮበርት ጆርዳን «ዘ ዊል ኦፍ ታይም» 14 መጽሐፍ ነው፣ ከመቅድሙ ጋር 15። የመጀመሪያው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። እኔ ለማንበብ ዓመት ተኩል ፈጅቶብኛል። ከሰባተኛው እስከ አሥረኛው ያለው መሐሉ በጣም ይቀዘቅዛል። ሴቶቹ ሹሩባቸውን ይጎትታሉ፣ ቀሚሳቸውን ያስተካክላሉ፣ ታሪኩ አይሄድም። የሰው ስም ከመብዛቱ የተነሣ ማስታወሻ ደብተር ይዤ ነበር። ለአባዬ በአማርኛ ልነግረው ሞከርኩ፤ በአራተኛው ማታ፣ «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ባንድ ባቡር አይጫንም» አለኝ። ተውነው።

አንድ ነገር ግን ነገርኩት። ጆርዳን በ2007 በልብ ሕመም ሲሞት ታሪኩ አላለቀም ነበር። እንደሚሞት ሲያውቅ ማስታወሻ ጻፈ፣ መጨረሻውን ለቤተሰቡ ተናገረ፣ በድምፅም ተቀረፀ። ባለቤቱ ሃሪየት ማክዱጋል የመጻሕፍቱ አርታኢ ነበረች፤ ሳንደርሰንን መርጣ እንዲጨርሰው አደረገች። የመጨረሻዎቹ ሦስት መጻሕፍት ከ2009 እስከ 2013 ወጡ። አባዬ ይህን አስደገመኝ። «ሚስቱ ናት ያስጨረሰችው?» አዎ። «ልጁስ ዘመድ ነው?» አይደለም፤ መጽሐፉን ሲያነብ ያደገ ሰው ነው። «እግዜር ይስጠው» አለ። ከ14ቱ መጽሐፍ ይልቅ ይህ ነው ልቡ ውስጥ የቀረው። እኔም የመጨረሻውን መጽሐፍ ሳነብ ከጦርነቱ በላይ ያስለቀሰኝ ይኸው ነው። ጊዜ ካላችሁ ግቡበት። መሐሉን ታገሡ፤ መጨረሻው ይክሳል።

የጆርጅ አር. አር. ማርቲንን «ኤ ሶንግ ኦፍ አይስ ኤንድ ፋየር» ለአባዬ አልነገርኩትም። አምስቱንም አንብቤያለሁ። ሦስተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው፣ ካነበብኳቸው ልብ አንጠልጣይ መጻሕፍት አንዱ ነው፤ ሰውን በሽንገላ እንዴት እንደሚያጠምዱት የሚጽፍ እንደሱ የለም። የመጀመሪያው በ1996 ወጣ፣ አምስተኛው በ2011። ስድስተኛው አልወጣም። የቴሌቪዥኑ ድራማ እንኳ በ2019 አልቋል። ደራሲን ማንም አያስገድድም፤ አውቃለሁ። ግን አባዬ 78 ዓመቱ ነው። መጨረሻ የሌለውን ነገር ለሱ አልጀምርም። ለናንተም ምክሬ ያው ነው፤ እስኪያልቅ ጠብቁ።

አንድ ደግሞ ለብቻዬ ያነበብኩት አለ። የኤን. ኬ. ጀሚሲን «ብሮክን ኧርዝ» ሦስት መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 በተከታታይ ሦስት ዓመት ለምርጥ የሳይንስ ልብ ወለድ ወይም የፋንታሲ መጽሐፍ የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት ወስዷል፤ ከሷ በፊት ይህን ያደረገ ደራሲ የለም። መሬት ያለማቋረጥ የሚንቀጠቀጥበት ዓለም ነው፤ መንቀጥቀጡን የሚያስቆሙ ሰዎች ደግሞ እንደ ባሪያ ይያዛሉ። ያነበብኩት ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ እየተንቀጠቀጠ ሰዉ ቤቱን ጥሎ የወጣ ጊዜ ነው። ዜናውን ሰምቼ መጽሐፉን ስከፍት እጄ ይከብደኝ ነበር። ከፊሉ ታሪክ «አንቺ» እያለ ነው የሚተርከው፤ ስታነቡት እናንተ ናችሁ እናትየዋ። የሚጀምረው ደግሞ በልጅ ሞት ነው። እኛ ቤት የሞተ ልጅ አለ፤ ስለዚህ ለአባዬ አላወጣሁትም። ለጠንካራ አንባቢ ግን እጅግ ድንቅ ነው።

ከየት ልጀምር ለሚለኝ ሰው፣ ፋርማሲም የሚጠይቁኝ አሉ፣ መልሴ አንድ ነው። የለጊንን የመጀመሪያ መጽሐፍ ውሰዱ። ቀጭን ስለሆነ ካልወደዳችሁት ብዙ አልጠፋባችሁም። ድርጊት የምትወዱ «ሚስትቦርን»ን ያዙ። ድሬ ላይ እነዚህን መጻሕፍት ማግኘት ይከብዳል። እኔ አብዛኛውን በሰው ከአዲስ አበባ ነው የማስመጣው፤ ባቡር ወይም አውቶቡስ የሚሳፈር ዘመድ ካለ እሱን ማስያዝ ነው። ሁለት ሦስት ሰው ተዋጥቶ አንድ ተከታታይ መግዛትም ይቻላል። እኔና የፋርማሲ ባልደረባዬ እንዲያ ነው ያደረግነው፤ እሷ አንደኛውን ስትጨርስ እኔ እይዛለሁ። የጎረቤታችን ልጅም አሁን በራሱ ማንበብ ጀምሯል። የማያውቀውን ቃል አስምሮ ይዞልኝ ይመጣል፤ በሳምንት አንድ ደብተር ገጽ ይሞላል። የእንግሊዝኛ ውጤቱ ተሻሽሏል ብላ እናቱ ፈጢራ ሠርታ ላከችልን።

ባለፈው ሳምንት አባዬ፣ «ያ የብረት ሰውዬ ሌላ የለውም?» አለኝ። ሳንደርሰንን ማለቱ ነው። አለው። ትልቁ ሥራው «ስቶርምላይት» ነው፤ እያንዳንዱ መጽሐፍ ከሺህ ገጽ በላይ ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2010 ወጣ። አሥር ለማድረግ አስቧል፤ አምስቱ ወጥተዋል፣ አምስተኛው በዲሴምበር 2024። እውነቱን ነገርኩት። «ግማሹ ነው ያለው አባዬ። አምስተኛው ላይ የመጀመሪያው ክፍል ይዘጋል። የቀረው ገና ነው።» ከዘራውን መሬት ላይ እያንከባለለ ብዙ አሰበ።

«ሰውዬው የሌላ ሰው ዕዳ ከፍሏል አላልሽኝም?»

ብያለሁ።

«እንግዲያ የራሱንም ይከፍላል። ጀምሪ።»

ጀመርን። አሁን የደረስነው ባሪያ የሆኑ ወታደሮች የእንጨት ድልድይ በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ቀስት የሚሮጡበት ጋ ነው። ትናንት ማታ አባዬ፣ ድልድዩ ስንት ሜትር እንደሆነና ስንት ሰው እንደሚሸከመው ጠየቀኝ። እሱም በወጣትነቱ ከጓደኞቹ ጋር የባቡር ሐዲድ በትከሻው ተሸክሟል፤ ከፊት ያለው እግሩን ሲያነሳ ከኋላ ያለው ምን ማድረግ እንዳለበት ቆሞ አሳየኝ። ቁጥሩን አላስታወስኩም። ዛሬ ከሥራ መልስ ገጹን ፈልጌ ቆጥሬ እነግረዋለሁ።